ልጆችን ይዞ በክረምት መውጣት፦ ጎንደር ላይ የጉዞ መሪ ሆነው መሥራት የሚፈልጉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ሰኔ ሲጋመስ ጥያቄዎቹ መምጣት ይጀምራሉ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ለዕረፍት ወደ ጎንደር የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሰው ውጤት የሚጠብቁ ወጣቶች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ወላጆችም ይጠይቃሉ። መልሶቹ የተጻፉት ሥራውን ለመያዝ ላሰበ ሰው ነው። ሥራውን ለማስዋብ አልተሞከረም።

ሥራው ምንድን ነው?

ከ7 እስከ 14 ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች በጠዋት ተረክቦ፣ በእግር ወይም በሚኒባስ አንድ ቦታ አድርሶ፣ አሳይቶና አጫውቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በፊት ለወላጆቻቸው መልሶ ማስረከብ ነው። የሚቀጥሩት የክረምት ትምህርት የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶች፣ የወጣት ማዕከላትና አንዳንድ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይወጣሉ። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ስም ያለ ክፍያ የሚሠራም አለ።

ብዙዎች ሥራው የዐፄ ፋሲልን ታሪክ መተረክ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ከቀኑ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። የቀረው ልጅ መቁጠር፣ ሰማይ ማየት፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ሽንቱ የመጣን ልጅ ሌሎቹን አቁሞ መጠበቅና «መቼ ነው የምንደርሰው?» ለሚለው ጥያቄ ሳይሰለቹ መልስ መስጠት ነው። ይህ የሚያንገሸግሸው ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ለእሱም ለልጆቹም ይሻላል።

ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ልጆችን ሜዳ ማውጣት ጤነኝነት ነው?

ከሁሉም ጥያቄ ቀድሞ መነሳት ያለበት ይህ ነው፤ የሥራው ሁሉ ሕግ የሚወጣው ከዝናቡ ነውና። የሌላ አገር ልጆች የትምህርት ቤት ዕረፍታቸው ፀሐይ ላይ ይውላል። የእኛዎቹ ዕረፍት ከዓመቱ ዝናብ ጋር ተገጣጥሟል። ልጅ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ እንዲውል አይፈረድበትም።

የሚያዋጣው መንገድ ጠዋትን መጠቀም ነው። ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች በሄደች ቁጥር እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው ይከመራል፣ ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሌሊቱን ሲያዘንብ አድሮ ጠዋትም የማያባራበት ቀን አለ። ግን ብዙውን ጊዜ የጎንደር ክረምት ጠዋት ላይ ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ መነሻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ቢዘገይ 6 ሰዓት መሆን አለበት። «8 ሰዓት ላይ እንነሳለን» የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ወይ ጎንደርን አያውቃት፣ ወይ ልጆቹን አያስብም።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያስፈራው መብረቅ ነው። ብልጭታውን ካያችሁበት ቅጽበት ጀምራችሁ ሰከንዶቹን ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ጨዋታው ወዲያው ተቋርጦ ልጆቹ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ መግባት አለባቸው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም። ሜዳ መሐል ብቻዋን የቆመች ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው፤ ልጆች ግን መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያችው ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሯቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያው ክብ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመብረቅ እንደወደመ ብትተርኩላቸው ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሰማሉ።

ዣንጥላ ለልጆች ጉዞ አይመችም። አንድ እጅ ይይዛል፣ የጎረቤትን ዓይን ይወጋል፣ ነፋስ ሲመጣ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ፣ ከጠፋም በትልቅ ፌስታል አንገትና እጅ ማውጫ ቀዶ ማልበስ ይሻላል። ለእግር ቦቲ፤ ኮንጎ ጫማ ውኃ ባያበላሸውም ድጥ ላይ ያንሸራትታል።

የት የት ይኬዳል?

ለጀማሪ መሪ ከፋሲል ግቢ የተሻለ ቦታ የለም። ዙሪያውን 900 ሜትር ገደማ በሚሆን ግንብ የታጠረ ስለሆነ ልጅ ቢበተን እንኳ እዚያው ውስጥ ነው። ሣሩ በክረምት ለምልሞ ስለሚያምር ልጆቹ ከግንቡ ይልቅ ሣሩ ላይ መንከባለል ይወዳሉ፤ ተዉአቸው። ታሪክ የማስረዳቱን ነገር ፈቃድ ካላቸው የግቢው አስጎብኚዎች አንዱን ይዛችሁ ለእሱ ስጡ፤ እናንተ ቁጠሩ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 መመሥረታቸውን፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ማወቅ ይበቃችኋል። ልጆቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ አንበሶቹ የት ነበር የሚታሰሩት? ንጉሡ ሽንት ቤታቸው የት ነበር? የመጀመሪያውን ታሳያላችሁ፤ ለሁለተኛው አስጎብኚውን ጥሩ።

የፋሲል መዋኛ ከመሐል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በእግር የሚደረስበት፣ ለትንንሾቹም የማይከብድ መንገድ ነው። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ልጆቹ ባዶውን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ችግሩ ያለው ግንቡን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ላይ ነው። ለልጅ ዓይን እነዚያ ሥሮች መሰላል ናቸው። አንዱ ከወጣ ሌላው ይከተላል፣ ቅርሱም ይጎዳል፣ ክንድም ይሰበራል። እዚያ ስትደርሱ ከልጆቹ ቀድማችሁ በሥሮቹና በእነሱ መካከል ቁሙ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዝናብ ለያዘው ቀን ጥሩ መጠጊያ ነው። ልጆቹ በጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች እንዲቆጥሩ አድርጉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ወጥቶ መንገዱን ሙሉ ይከራከራል፣ እናንተም ታርፋላችሁ። ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን የንብ መንጋ አዳነው የሚለውን ትውፊት ካህናቱ ሲተርኩ የልጆቹን ፊት ማየት ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ጫማ ይወለቃል፣ ጫማው ጭቃ ነው፣ ካልሲውም ርሷል። ልጆቹ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ለወላጆች ከዋዜማው ተናገሩ።

ቁስቋም ዳገት አለው። ዕድሜያቸው ከፍ ላለ ልጆች የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ፍርስራሽና ከላይ የሚታየው ከተማ ጥሩ ዋጋ ነው። የእቴጌዪቱን፣ የልጃቸውን የዳግማዊ ኢያሱንና የልጅ ልጃቸውን የኢዮአስን ዐፅም ለትንንሾቹ ማሳየት ግን አልመክርም፤ ማታ እንቅልፍ አጥቶ የሚያስቸግረው ልጅ እናት ጠዋት የምትደውለው ለእናንተ ነው።

ወለቃ በደባርቅ መንገድ ላይ ከከተማው ብዙም የማትርቅ፣ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባትና በሸክላ ሥራዋ የምትታወቅ መንደር ናት። ሸክላ ሠሪዋ ፈቅዳ ልጆቹ ጭቃ እንዲያቦኩ ከተደረገ ቀኑ በራሱ ይሄዳል። ለሙያዋ መክፈል የቀጣሪው ኃላፊነት ስለሆነ አስቀድሞ ይነገረው።

ኮሶዬና ጎርጎራ ከተለመደው የጠዋት ጉዞ የተለዩ፣ የሙሉ ቀን ጉዞዎች ናቸው። ኮሶዬ ከጎንደር በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚታየው አገርና የጭላዳ መንጋው ልጅን አፉን ያስከፍቱታል። ነገር ግን በክረምት ጉሙ ድንገት ይመጣና ፊት ለፊት ያለ ልጅ የማይታይበት ጊዜ አለ። ጉም ሲገባ ሁሉም ባለበት ይቀመጣል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ቆጠራ ይደረጋል፤ ገደል ባለበት አገር በጉም ውስጥ አይኬድም። ጎርጎራ ጣና ዳር ነው። ልጆቹ ውኃውን ሲያዩ ልብሳቸውን ማውለቅ ይጀምራሉ፤ ጣና ውስጥ ግን ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ። ከመኪና ሳይወርዱ «ውኃ ውስጥ እግር አይገባም» ይባላል፣ ማንም ሳይለይ ይጸናል። የደምቢያ ቆላማ አካባቢ ወባ ስላለበት ልጁ ከጉዞው በኋላ በነበሩት ሳምንታት ውስጥ ቢያተኩሰው ጎርጎራ ሄዶ እንደነበር ለሐኪሙ እንዲነገር ወላጆችን አሳስቡ።

ስሜን ተራሮችስ?

በክረምት ልጆች ይዞ አይኬድም። መንገዱ ጭቃ፣ አየሩ ጉም፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ብቻ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከፍ ላሉ ልጆች፣ በፓርኩ ሕግ መሠረት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ተይዞ ይታሰብበታል።

ከከተማ መውጣት ደኅና ነው?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የመንገዱን ነገር በየቀኑ የሚለዋወጥ አድርጎታል። ትናንት ተሄዶ ነበር ማለት ዛሬ ይኬዳል ማለት አይደለም። ውሳኔው ለ20 ዓመት ወጣት መተው የለበትም፤ ቀጣሪው ከሚመለከታቸው አካላት አጣርቶ፣ ለወላጆች አሳውቆ፣ በጽሑፍ ፈቃዳቸውን አግኝቶ ነው የሚኬደው። «አይዞህ፣ ምንም የለም» ብሎ በቃል የሚሸኛችሁ ቀጣሪ ነገር ቢመጣ አጠገባችሁ አይኖርም። ጥርጣሬ ባለበት ቀን ፋሲል ግቢ ለሦስተኛ ጊዜ ቢኬድ ማንም አይሞትም። ልጆች የሰለቹ መስለው ይነጫነጫሉ እንጂ የሚያውቁት ቦታ ላይ ይበልጥ ነው የሚጫወቱት።

ለአንድ መሪ ስንት ልጅ ይበቃዋል? ልጅ እንዳይጠፋብኝስ ምን ላድርግ?

ለትንንሾቹ ስድስት፣ ለትልልቆቹ ስምንት፣ ከዚያ አይበልጥ። ልጆቹ ቢያንሱ እንኳ መሪው ብቻውን አይውጣ፤ አንዱ ልጅ ቢታመም ሌሎቹን ማን ይይዛል? አንዱ ፊት ይመራል፣ አንዱ ኋላ ይከተላል። የሚያስገርመው፣ ጠንካራውን ሰው ፊት የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ጠንካራው ኋላ ነው መሆን ያለበት፤ ችግር ያለበት ልጅ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ቁጥር ስጡት። «ቁጠሩ!» ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በየተራ ይጮሃሉ። የጎደለው ቁጥር ራሱን ያጋልጣል፤ ስምም ማስታወስ አያስፈልግም። ከመነሳት በፊት፣ አስፋልት ከተሻገሩ በኋላ፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ መኪና ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ይቆጠራል። የጓደኛውን ቁጥር የሚጮህ ቀልደኛ ሁልጊዜ አለ። እሱን የቆጠራው ረዳት አድርጉት፤ ሹመቱ ያርመዋል።

አኩኩሉ ሜዳ ላይ አታጫውቱ። «አልነጋም» እያለ የሚደበቅ ልጅ በደንብ ከተደበቀ ጨዋታው ለእሱ ድል ነው፣ ለእናንተ ግን ሰዓቱ እየሄደ ደመናው እየከበደ ነው።

የማስረከቡን ነገር ችላ የሚሉ አሉ። ልጅ የሚሰጠው ጠዋት ስሙ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። «አጎቱ ነኝ» ያለ ሁሉ አጎት አይደለም። ልጁ ቢያውቀውም እንኳ ለእናትየው ወይም ለአባትየው ተደውሎ ይረጋገጥ። እውነተኛው አጎት ለጊዜው ቅር ቢለው ምንም አይደለም፤ ስለ እገታ በሚወራበት ጊዜ ቆየት ብሎ ያመሰግናችኋል።

ወንዝ መሻገር ይቻላል?

አይቻልም። አንገረብ፣ ቀሃና ሽንታ በጠዋት ድንጋይ እየረገጡ የሚታለፉ ይመስላሉ። ዝናቡ እናንተ ባላችሁበት ባይጥልም ላይኛው አገር ጥሎ ከሆነ ደራሹ ውኃ ድንገት ይመጣል። ለአዋቂ ጉልበት ላይ የሚደርስ ወራጅ ውኃ ልጅን ጠልፎ ይጥላል። ድልድይ ካለ በድልድዩ፣ ከሌለ መንገዱ እዚያ ያበቃል። ውኃው ጠርቶ ሲፈስ የነበረው ድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ከዳር ራቁ።

ከዕፅዋትና ከእንስሳት ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

ሳማ የታወቀ ነው፤ ያሳክካል፣ ያስለቅሳል፣ ያልፋል። ቁልቋል ግን ይለያል። ልጆች ቅርንጫፉን ሰብረው ነጩን ወተት ማንጠባጠብ ይወዳሉ፤ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በየአጥሩ ጥግና በየፍርስራሹ የሚበቅለው፣ እሾሃማ ፍሬ ያለው ዕፀ ፋርስ መርዝ ነው፤ የጉሎ ፍሬም እንዲሁ። ክረምት ያበቀለውን እንጉዳይ ማንም አይቅመስ። አጋምና እንጆሪ የሚያውቅ የገጠር ልጅ ካለ ይመካባችኋል፤ ቢሆንም ደንቡ አንድ ይሁን፦ ከቤት ያልመጣ ነገር አይበላም።

ከምንጭ መጠጣትም የተከለከለ ነው። ውኃው ቢጠራም አልቅት አለበት፣ ሌላም ብዙ።

ውሻ ከነከሰ፣ ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ልጁም በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ይወሰዳል። «የሰፈር ውሻ ነው፣ ባለቤቱ ይታወቃል» ተብሎ አይታለፍም።

ምግብስ? ጾም ላይ የሚውል ጉዞ እንዴት ይሆናል?

ምሳ ዕቃው ከቤት ይመጣል። እናንተ ቆሎና ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር የተፈላ ወይም የታሸገ ውኃ መኖሩን አረጋግጡ። ብርድ ነው ብሎ ውኃ የማይጠጣ ልጅ ዳገት ላይ ራሱን ያመዋል።

ነሐሴ ሲገባ ነገሩ ይቀየራል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ቀትር ላይ የሚገባውን ቅዳሴ ይከታተላሉ፣ ይቆርባሉም። እስከ ቅዳሴ መውጫ ድረስ እህል ውኃ በአፉ የማይገባ የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ቁስቋም ዳገት መውጣት ጭካኔ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጉዞው አጭርና ሜዳ ለሜዳ ይሁን፣ 5 ሰዓት ላይ ቤት ይግቡ። የማይጾሙ ልጆችም አብረው አሉ፤ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሐኪም የከለከለውም ወላጅ የከለከለውም ሳይሸማቀቅ የሚበላበት ቦታና ጊዜ ይመቻችለት። ልጆች «አንቺ አትጾሚም?» እየተባባሉ እንዳይፈታተኑ ጉዳዩን ቀደም ብላችሁ ዝጉት።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። በዋዜማው ጉዞ አትያዙ። ወንዶቹ ሁሉ ጅራፍ ሲገምዱና ለሆያ ሆዬ ቡድን ሲያደራጁ ነው የሚውሉት፤ ቢመጡም ልባቸው እዚያ ነው።

ልጅ ቢታመም ምን አደርጋለሁ?

መጀመሪያ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ውሰዱ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። የማኅበሩ የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ከእሱ ጋር የሚኒባስ ሾፌሩን፣ የቀጣሪውንና የሁሉንም ወላጆች ስልክ በወረቀትም ያዙ፤ ባትሪ የሚያልቀው በተፈለገበት ሰዓት ነው።

ወላጆች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። አስም ይነግራሉ፤ የሚጥል በሽታን ግን ብዙዎች ያፍሩበታል። ቅጹ ላይ ባዶ ይተዉታል። ስለዚህ ከቅጹ በተጨማሪ እያንዳንዱን ወላጅ ለብቻው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽታህ ምንድን ነው ከማለት መድኃኒቱን መጠየቅ ይቀላል። ልጁ ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ድንጋዩን ከአካባቢው አንሱ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚባለው ልማድ ምንም አይረዳም፤ የሚሰበሰበው ሰው ግን ክብሪት ይዞ መምጣቱ አይቀርም፣ በጨዋነት ከልክሉት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ደጋግሞ ከጣለው ሆስፒታል ነው።

ብርድን አትናቁ። የረጠበ ልጅ ነፋስ ላይ ከቆመ ሰውነቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። የሚንቀጠቀጠውንና የሚያለቅሰውን ሁሉም ያየዋል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው መንቀጥቀጡን አቁሞ ዝም ያለው፣ ሲጠሩት የሚዘገየው፣ እግሩ የሚተሳሰረው ነው። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ ልብስ አልብሱት፣ በጋቢ ጠቅልሉት፣ የሚውጥ ከሆነ ትኩስ ሻይ በስኳር ስጡት፣ ጉዞውም ይብቃ። ለዚህ ሲባል ከመሪዎቹ ቦርሳ ደረቅ ጋቢ አይለይም።

ልጅ ካስቸገረ መቆንጠጥ ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። ቁንጥጫም፣ ልምጭም፣ ማንበርከክም። ወላጅ «ግረፈው፣ ፈቅጄልሃለሁ» ቢል እንኳ አይሠራም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ የክረምት ጉዞ ከዚህ መንፈስ የሚወጣበት ምክንያት የለም። የሚያስቸግር ልጅ ከመሪው ጎን ይሄዳል፣ ገመድ ወይም የውኃ ጀሪካን ይሸከማል። አብዛኛው ረብሻ የሚመጣው ከሥራ ማጣት ነው።

ከልጅ ጋር ብቻችሁን፣ ሰው በማያይበት ቦታ አትሁኑ። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል።

ሴት ነኝ። ሥራው ይሆነኛል?

የሴት መሪ እጥረት ስላለ ተፈላጊ ናችሁ። ሴት ልጆች ባሉበት ጉዞ ሴት መሪ መኖር ግዴታ ቢሆን እወድ ነበር። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የወር አበባዋ መንገድ ላይ ቢመጣ ለወንድ መሪ አትናገርም፤ ሆዴን አመመኝ ብላ ትቀመጣለች። ቦርሳ ውስጥ የንጽሕና መጠበቂያ ይኑር። ወላጆች፣ በተለይ እናቶች፣ ልጃቸውን «እትዬ» ለሚሏት ሰው ሲሰጡ ፊታቸው እንደሚፈታ ታያላችሁ።

ስንት ዓመት ሊሆነኝ ይገባል? ውልና ክፍያስ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ሰው መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓትና በሳምንት ዕረፍት ቀን አይሠራም። በእኔ አስተያየት 18 ያልሞላው ሰው ረዳት ይሁን እንጂ መሪ አይሁን፤ የሌላውን ልጅ ሕይወት የመያዝ ሸክም ለልጅ አይሰጥም።

የክረምት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውል ነው። በጽሑፍ ይሁን፤ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ክፍያው በቀን የሚታሰብም በወር የሚታሰብም አለ። የመጓጓዣና የምሳ ወጪ የማን እንደሆነ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ጠይቁ፦ ዝናብ ጥሎ ጉዞው ከተሰረዘ ይከፈላል ወይ? የጎንደር ክረምት ከሚያጣላቸው ጉዳዮች ዋናው ይህ ነው። «ከሄድክ ይከፈልሃል፣ ከቀረህ አይከፈልህም» የሚል ውል መሪውን በጠቆረ ሰማይ ሥር ልጆች ይዞ እንዲወጣ ይገፋፋዋል። ስለዚህ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጆቹም ደኅንነት ነው፤ ለአሠሪው እንዲህ ብላችሁ ብታስረዱት ይሰማችኋል። ቢያንስ ጠዋት ሥራ ቦታ ለተገኘ መሪ ግማሽ ክፍያ እንዲታሰብ ተደራደሩ።

ዝናቡ ጠዋትም አልቆመም። ልጆቹ መጥተዋል። ምን ይሁን?

አዳራሽ ወይም በረንዳ። ገበጣ፣ ቅልልቦሽ፣ በጠመኔ የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞ። እንቆቅልሽ በቡድን ሲሆን ይሞቃል፤ መልሱን ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ሲባል የሚሰጠው አገር ራሱ የጂኦግራፊ ትምህርት ይሆናል። ከውጭ አገር ለክረምት የመጡ፣ አማርኛው የሚከብዳቸው ልጆች ካሉ በቅልልቦሽ ጀምሩ፤ እጅ እንጂ ምላስ አይጠይቅም።

ፎቶ አንስቼ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማውጣት እችላለሁ?

ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። ከተፈቀደም ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው፤ ልጆቹ አሁን የት እንዳሉ ለማያውቁት ሰው መንገር ምንም ጥቅም የለውም።

ሥራው ሲያልቅ ምን ይዤ እወጣለሁ?

የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቁ። በዚያው አዋጅ መሠረት አሠሪው የሠራችሁትን ሥራ ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ይከፈላችሁ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለመምህርነት፣ ለጤና ሙያና ለአስጎብኚነት ለሚያመለክት ሰው ይጠቅማል። የምትጠይቁት ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ይሁን፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ በምዝገባ ይጨናነቃል፣ ማኅተሙን የያዘውን ሰው ማግኘትም ይከብዳል።